«ልስማ» እና «ልሰማ»

በእኛ ዘንድ ሂስ የሚጻፈው በመጽሐፍ፣ በቲያትር፣ ቢበዛ በሥዕል ላይ ነው። አናጢ የሠራው ቁም ሣጥን ሂስ አይጻፍበትም፤ «ጥሩ ሠርቶልኛል» ወይም «ብሬን በላኝ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ሰው አስቦና መርጦ፣ ገንዘቡንና ቅዳሜውን ከፍሎ የሠራው ነገር ሁሉ የሚናገረው አለው። የሚናገረው ካለ ደግሞ «ምን አለ? ደህና አድርጎስ ተናገረው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። ሂስ ማለትም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። ስለዚህ አንባቢዬ አይደነቅ፤ የዛሬው ሂሴ በሞተር ሳይክል ላይ ስለተገጠመ ስቴሪዮ ነው።

ሥራው የደረሰኝ ከባሕር ማዶ ነው። የዛሬ ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት፣ አሁን ከዋሽንግተን ዲ.ሲ. ማዶ በቨርጂኒያ የሚኖር ልጅ (ልጅ ስል አርባዎቹን አጋምሷል) ያገለገለች ጎልድ ዊንግ ገዝቶ፣ የፋብሪካውን ስፒከሮች አውጥቶ በምትካቸው የራሱን ምርጫ ገጠመ። ሁለት ወር ቅዳሜና እሑድ ፈጀበት። ፎቶግራፎቹን፣ የገመዱን ንድፍና በስልክ የተቀረጸ አሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ ላከልኝና፣ «ጋሼ፣ አጭር ልቦለዶቻችንን በቀይ እስክሪብቶ ያደሙልን እንደነበረው ይቺንም ይዩልኝ፤ እንዳያዝኑልኝ» አለኝ። ስሙን አልጠራም። ሥራውን ግን እንደ ጥያቄው ሳላዝን አየዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ። ሞተር ሳይክል ሲባል ለእኛ ትዝ የሚለን የትራፊክ ፖሊሱ፣ መልእክት አመላላሹ፣ ወይም በገጠር መንገድ ሦስት ሰው ከነዶሮው የምትጭነዋ ናት። አሜሪካኖች «ቱሪንግ» የሚሏት ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ለረዥም ጉዞ የተሠራች፣ ፊቷ በሰፊ መከለያና በመስታወት የተሸፈነ፣ በግራና በቀኝ ሣጥን፣ ከኋላ ደግሞ ለተፈናጣጩ መደገፊያ ያላት፣ ክብደቷ የትንሽ ፈረስ ያህል የሆነች ማሽን ናት። ሆንዳ ጎልድ ዊንግን እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ሲያቀርባት ራቁቷን ነበረች፤ መከለያም፣ ሣጥንም፣ ሙዚቃም አልነበራትም። ያለበሷት ከባሕር እስከ ባሕር የሚጓዙት ባለቤቶቿ ናቸው። በ1970ዎቹ ክሬግ ቬተር የተባለ አሜሪካዊ ነዳፊ «ዊንድጃመር» የሚል ስም የሰጠውን መከለያ ይሸጥ ነበርና እሱን እየገዙ ገጠሙላት። ፋብሪካው ይህንን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1980 «ኢንተርስቴት» የተባለችውን ሞዴል ከነመከለያዋና ከነሣጥኗ አወጣ። ስቴሪዮም ለፈለገ ሰው በተጨማሪ ክፍያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1988 ስድስት ሲሊንደር ሆነች፤ በ2018 ደግሞ አፕል ካርፕሌይ የተባለውን፣ የስልክን ዘፈንና ካርታ ስክሪን ላይ የሚያወጣ ዘዴ ከሞተር ሳይክሎች ሁሉ ቀድማ ያዘች።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ነፋሱ ተከለለ፣ ከዚያ ሙዚቃው ገባ። ሙዚቃው የገባው መስታወቱ ባስገኘው ትንሽ ጸጥታ ውስጥ ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ሥራው። ፈትቼ ሳየው አንደኛ ንጽሕናው ደስ ይላል። አራት ስፒከር አለው፤ ሁለቱ ከነጂው ፊት በመከለያው ውስጥ፣ ሁለቱ በተፈናጣጩ መደገፊያ ግራና ቀኝ። ፊታቸው ወረቀት ሳይሆን ውሃ የማይበግረው ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብ በሚወርድበት ዕቃ ላይ የወረቀት ስፒከር መግጠም ከጋዜጣ ጃንጥላ እንደመሥራት ይቆጠራል። አምፕሊፋየሯ ከመዝገበ ቃላት የማትበልጥ ናት፤ ከኋላ ሣጥኑ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ዋናውን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ስቦ፣ እዚያው ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገብቶበታል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት መነሣቱና አለመነሣቱ የሚወሰነው በዚህች ፊውዝ ነው። ኔጌቲቩን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አላሰረውም፤ ወደ ባትሪው መልሶታል። የድምፁን ገመድ በአንድ ጎን፣ የኃይሉን ገመድ በሌላ ጎን አሳልፏል። ሁለቱን አንድ ላይ የጠመጠመ ሰው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ከዘፈኑ ሥር የዲናሞውን ፉጨት ሊሰማ ይችላል። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ከፊቱ የሚወጣውን እንዳያጠፋው ክፍተቱን በስፖንጅ ዘግቷል። ትንሽ ስፒከር ሊሸከመው የማይችለውን ወፍራም ድምፅ ደግሞ ገና ከአምፕሊፋየሯ ቆርጦ አስቀርቶታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪዬ በነበረ ጊዜ አንድ አንቀጽ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አልጻፈልኝም። ማንም በማያየው ቦታ መጠንቀቅ የባለሙያ ምልክት ነው። በቅርጽ በኩል ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ፈትቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ሞተሯ ስትንቀሳቀስ ነው።

የላከልኝ ቅጂ የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ የተቀረጸው ሞተሯ ነዳጅ ማደያ ቆማ ሳለች ነው። ክራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ከዚያ አውራ ጎዳና ገባ። ዘፈኑ ከነፋሱ ጋር ትግል ገጠመ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክራሩ ጠፋ፤ ከዘፋኙም የቀረው ከፍ ሲል የሚጮኸው ብቻ ነው። ከበሮው ብቻ ደብ፣ ደብ እያለ ዘለቀ። ባለቤቱ ድምፁን ጨመረው። ከበሮው ባሰበት፤ ዘፋኙ ግን አልተመለሰም።

ይህ የገጣሚው ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋልብ ሰው ሄልሜቱ ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ 100 ዴሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ጥሩ መከለያ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ዘፈን ለመስማት ከዚህ በላይ መጮህ ግድ ነው። ታዲያ ዴሲቤል እንደ ኪሎ ሽንኩርት አይደመርም። ለጆሯችን እጥፍ የሚመስል ድምፅ ለማውጣት ኃይሉ እጥፍ ሳይሆን አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። 10 ዋት ያሰማህን በእጥፍ ለመስማት 100 ዋት! የእኛም ሰው በአራት ስፒከር 400 ዋት ላይ የደረሰው በስግብግብነት ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ተገፍቶ ነው። 400 ዋት ከ13.8 ቮልት ላይ ሲወሰድ ወደ 29 አምፔር ነው፤ አምፕሊፋየሯ በሙቀት የምታባክነው ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ ኃይል ተሰልፎ የሚዋጋው ከነፋስ ጋር ነው። ነፋስ ደግሞ የመብራት ሒሳብ አይከፍልም።

የሚከፍለው ጆሮ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የተፈቀደላችሁ 15 ደቂቃ ነው። አንድ ሙሉ ካሴት እንኳ አያስደምጥም።

እዚህ ላይ አንድ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው «ዜን እና የሞተር ሳይክል አጠባበቅ ጥበብ» በሁለት ሞተር ሳይክሎች ከሚኒሶታ ወደ ምዕራብ የተደረገ ጉዞ ታሪክ ነው፤ በአንዷ ላይ ተራኪውና ከኋላው የተፈናጠጠው ልጁ አሉ። ተራኪው ገና ሲጀምር የሚነግረን፣ በመኪና የሚሄድ ሰው ዓለምን እንደ ቴሌቪዥን በመስኮት እንደሚያያት፣ በሞተር የሚሄድ ሰው ግን መስኮቱ እንደሚነሣለትና ዓለም ውስጥ እንደሚገባ ነው። ሌላም ነገር ያስተውላል፤ ሞተር ላይ ሆኖ ማውራት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሰውየው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ያስባል፤ ያሰበውም መጽሐፍ ይሆናል። ሂስ የምናውቅ ሰዎች እንነጋገር ከተባለ፣ ያንን መጽሐፍ ከጻፉት አንዱ ነፋሱ ነው። በዚያች ሞተር ላይ አራት ስፒከር ቢገጠም ኖሮ የፒርሲግ ጉዞ ደስ የሚል ጉዞ ይሆን ነበር፤ መጽሐፉን ግን እንጃ።

ታዲያ ተማሪዬን «አንተም ዝም ብለህ አስብ» ልበለው? ይህ ቀላል ምክር ነው፤ ቀላል የሆነውም የሱን ኑሮ ስለማንኖር ነው። ደብዳቤውን እንዳለ ላስነብባችሁ። «ጋሼ፣ እኔ ታክሲ ነው የምነዳው። አምስት ቀን ሙሉ ራዲዮውን የሚመርጠው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። የኔን ዘፈን ከፍቼ የተገኘሁ እንደሆነ ‹ደስ ይላል፣ የየት ነው?› የሚል አለ፤ ‹ብታጠፋውስ?› የሚልም አለ። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ አጠፋዋለሁ። ቅዳሜ ግን ማንንም አላስፈቅድም።»

ይህቺ «ማንንም አላስፈቅድም» የምትለዋ ቃል የሥራው ቁልፍ ናት። እኛ ስቴሪዮውን «ዘፈን ልስማ» ብሎ የገጠመው መስሎን ነበር። ዘፈን ለመስማትማ ሄልሜት ውስጥ የምትገባ ትንሽ ማዳመጫ አለች፤ ገመድ የላትም፣ ፊውዝ አትፈልግም፣ ዋጋዋም ከዚህ ሁሉ ያንሳል። ሰውየው ግን አልፈለጋትም። ለምን? እሷ ለሱ ብቻ ናታ! ሰሙ «ልስማ» ነው፤ ወርቁ «ልሰማ»። በፊደል የአንዲት «ስ» እና የአንዲት «ሰ» ልዩነት ነው፤ በኑሮ ግን በመካከላቸው አንድ ስደት ያህል ርቀት አለ።

እንግዲህ የሥራው ይዘት ይህ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ድምፁ ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው መሆኑ ይቀራል። ጥያቄው «ሰውየው ተሰማ ወይ?» ነው።

አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ይፍረድ። የቋንቋችን ግማሽ ትርጉም በመጥበቅና በመላላት ላይ የቆመ ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰውየው ራሱ ምሳ ሆኗል። ልዩነቱ ምንድን ነው? «በ» ስትጠብቅ ከንፈር ለጥቂት ጊዜ ገጥሞ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ላሉት ፊደላት መጥበቅ ማለት የተቆጠበ ዝምታ ነው። ነፋስ የሚሞላው ደግሞ መጀመሪያ ይህንኑ ዝምታ ነው። ስለዚህ በአውራ ጎዳና ላይ የአማርኛ ዘፈን መጀመሪያ የሚያጣው ጥብቀቱን ነው፤ ጥብቀቱን ሲያጣ ቅኔውን አጣ፤ ቅኔውን ሲያጣ የቀረለት ከበሮ ነው። ከበሮ ደግሞ ሁሉም አገር አለ።

መብራት ላይ ሲቆምስ? እዚያ ነፋስ የለም፤ እዚያ እንኳ ይሰማ ይሆናል ትሉኝ ይሆናል። እዚያም ሌላ ጣጣ አለ። ድምፁ የተስተካከለው ነፋስን እንዲያሸንፍ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ተስሏል፣ ወፍራሙ ተደልቧል። ሞተሯ ስትቆም ያ ሁሉ ስለት ጆሮ ላይ ያርፋል። አጠገቡ የቆመው አሜሪካዊ መስኮቱን ይዘጋል፤ በተዘጋ መስኮት የሚያልፈውም ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው። ደብ፣ ደብ። ሰውየው «እኔ ከጎንደር ነኝ፤ እናቴ እንዲህ ትዘፍን ነበር» ብሎ የላከው መልእክት መስኮቱን ሲያልፍ «አንድ የሚጮህ ሞተር» ሆኖ ይደርሳል። ከፊቱና ከኋላው ከቆሙት የሚጮሁ ሞተሮች የሚለየው ምንም የለም። አምስት ቀን ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው በስድስተኛው ቀን 400 ዋት አውጥቶ የተረፈው ነገር ይኸው ነው። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ «እንዳያዝኑልኝ» ብሎኛልና አልፈዋለሁ።

በቅጂው ላይ ቀጣዩ መንገድ ስካይላይን ድራይቭ ነው። በቨርጂኒያ ሸናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በተራራ አናት ላይ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው፤ ከዋሽንግተን ሩቅ ስላልሆነ የእኛም ሰዎች ለሽርሽር ያዘወትሩታል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ በእኛ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት ነፋስ ረጋ ይላል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ደንብ መሠረት ከድምፅ መሣሪያ የሚወጣ ድምፅ በ50 ጫማ (15 ሜትር ያህል) ርቀት ላይ ከ60 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። እስቲ እንደገና እናስላ። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከነጂው ጆሮ አጠገብ፣ ከስፒከሩ አንድ ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል የሆነው፣ በሁለት ሜትር 94፣ በአራት 88፣ በስምንት 82፣ በአሥራ ስድስት ሜትር 76 ይሆናል። ከአውራ ጎዳናው የመጣውን ድምፅ ሳይቀንስ ተራራው ላይ የወጣ ሰው ከደንቡ በ16 ዴሲቤል ገደማ አልፏል ማለት ነው። ደንቡን ያነሣሁት ተማሪዬን ለመክሰስ አይደለም፤ እዚያ ተራራ ላይ ያለው ሰው ዝምታ ፍለጋ የመጣ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ያ ሰው ምናልባት እንደ ተማሪዬ አምስት ቀን የሌላ ሰው ራዲዮ የሚሰማ ታክሲ ነጂ ቢሆንስ?

አሁን ደግሞ የሚከራከርልኝ አንባቢ አይጠፋም። «ማርሚታውን ቀዶ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን አሜሪካዊ ማን ተናገረው? የእኛ ሰው ሲዘፍን ነው ዴሲቤል የምትቆጥረው?» ክርክሩ እውነት አለው። ከብዙ ስፒከር የሚብስ ማርሚታ አለ፤ የአንዱ ጩኸት «ባህል»፣ የሌላው ጩኸት «ረብሻ» ተብሎ የሚጠራበትም ጊዜ አለ። ግን ይህ ክርክር ተማሪዬን ከከሳሾቹ ያድነዋል እንጂ ሥራውን አያድንለትም። የማርሚታው ባለቤት የሚናገረው ቃል የለውም፤ ጩኸቱ ራሱ መልእክቱ ነው፤ ስለዚህ ምንም አይጠፋበትም። የእኛ ሰው ግን ቃል ነበረው።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ልምጣ። በቅጂው ዘጠነኛ ደቂቃ ላይ፣ ከበሮው መሃል፣ የሴት ድምፅ ይሰማል። አንድ ነገር ትናገራለች፤ ሦስት ወይም አራት ቃል። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አዳመጥኩት፤ ምን እንዳለች አይለይም። እሱም አልመለሰላትም። በደብዳቤው ሁሉ ስለ ፊውዙ፣ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ገመዱ ውፍረት ሲጽፍልኝ ከኋላ ሰው መኖሩን አንድም ቦታ አላነሣም። ፎቶግራፉን እንደገና አየሁት፤ ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ያሉት ከተፈናጣጩ ጆሮ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ከሱ ይልቅ ለሷ ይቀርባሉ። በቅዳሜው ቀን ዘፈኑን ከነቃሉ፣ ከነጥብቀቱ፣ ከነቅኔው ሊሰማለት የሚችል አንድ ሰው ካለ፣ ያ ሰው እዚያው ከጀርባው ተቀምጧል። ሥራው ግን የተሠራው መስኮት ለሚዘጋው ሰው ነው። ተደራሲን መሳት ይሏችኋል ይህ ነው፤ ስንቱ ደራሲ እዚህ ላይ ነው የወደቀው!

ስለዚህ ፍርዴ የሚከተለው ነው። ገመዱ አይነካ። ፊውዙና ስፖንጁ ይመስገኑ። የኋላዎቹ ስፒከሮች በሌላ ቁልፍ ለብቻቸው ይቀነሱ፤ ቁልፉም በተፈናጣጯ እጅ ይሁን። አውራ ጎዳና ላይ ዘፈን ይዘጋና ሁለቱም ከፋርማሲ የሚገዛውን ርካሽ የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ፤ ለነፋስ የሚከፈለው ተገቢ ዋጋ እሱ ብቻ ነው። ስካይላይን ላይ ወደ 70 የሚጠጉ መቆሚያዎች አሉ፤ ከነሱ በአንዱ ሞተሩ ይጥፋ፣ ዘፈኑ ይከፈት፣ በ10 ዋት። ክራሩ ይመለሳል። ሴትየዋም ያለችው ይሰማል።

ለሌሎቻችንም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ከመጠን ሲያልፍ ከኋላ ወንበር አንድ እናት «የኔ ልጅ፣ እባክህ ቀንሰው» ይላሉ። ሹፌሩ ይነጫነጫል፤ ረዳቱ ይስቃል፤ አንዳንዴ ይቀነሳል፣ አንዳንዴ አይቀነስም። እኔ ይህቺን «ቀንሰው» የምትል ቃል እንደ ተራ ንትርክ አላያትም። እኚያ እናት ዘፈኑን ሰምተዋል፤ ቃሉ ገብቷቸዋል፤ ምናልባትም አልወደዱትም፤ ግን ሹፌሩን ሰው ብለው አናግረውታል። «ቀንሰው» የሚለው ያጣ ሰው ድምፁ ከፍ ስላለ ብቻ ተሰማ አይባልም።